ለቫዮሊን ውድድር ማጣሪያ የሚላክ ቀረጻ እንዴት ይዘጋጃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ፣ አንዲት ተማሪዬ የባኽን የጂ ማይነር ሶናታ የመክፈቻ ክፍል ከዚያ በፊት ሰምቼባት በማላውቀው ብስለት ተጫወተችው። ደስ ብሎን ቀረጻውን መልሰን ስናዳምጥ ግን ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ጎልቶ የሚሰማው ባኽ ሳይሆን የአዳራሹ ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ በካፊያ ስለጀመረ እሷም እኔም ልብ አላልነውም። ጆሯችን ሙዚቃውን መርጦ ሲሰማ ማይክሮፎኑ ሁለቱንም እኩል ጻፈ። በማግስቱ ደግመን ቀርጸን ላክን። ጨዋታው ደህና ነበር፤ የመጀመሪያው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «መምህር፣ የትኛውን ማይክሮፎን እንግዛ?» ብለው ለሚጠይቁኝ ወላጆች የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ፣ ቀጥሎ የሚቀረጽበት ክፍል፣ ማይክሮፎን ከሁሉም በኋላ። ይህንን መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ምሳሌዎቼ ከቫዮሊን የተወሰዱ ናቸው፤ ቪዮላና ቼሎ የሚጫወቱም ጥቂት ነገር ብቻ ለውጠው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. ደንቡን እርሳስ ይዘው ያንብቡ

የውድድሩን ደንብ በወረቀት አትመው፣ እርሳስ ይዘው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በስልክ ላይ ሲያነቡ ዓይን የሚፈልገውን ብቻ አይቶ ያልፋል። የሚያሰምሩባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የትኞቹ ሥራዎች እንደተጠየቁ፣ በቃል መጫወት ግዴታ መሆን አለመሆኑ፣ ድግግሞሾቹ ይጫወቱ ወይም ይዘለሉ፣ ኮንቸርቶው (ለብቸኛ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈው ሥራ) በፒያኖ መታጀብ ይኖርበት እንደሆነ፣ ቀረጻው ከስንት ወር በላይ ዕድሜ ሊኖረው እንደማይገባ፣ ስምዎን በቪዲዮው ላይ መናገር የታዘዘ ነው ወይስ የተከለከለ። ዳኞች ተወዳዳሪውን ሳያውቁ እንዲያዳምጡ የሚያደርጉ ውድድሮች አሉ፤ እዚያ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ መጀመር ራስን ከውድድሩ ማስወጣት ሊሆን ይችላል።

ማን ሊወዳደር እንደሚችልም አስቀድመው ያጣሩ። ታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች ይሁዲ ሜኑሂን እ.ኤ.አ. በ1983 የመሠረተው ውድድር ከ22 ዓመት በታች ለሆኑ ቫዮሊን ተጫዋቾች ነው። ዲትሮይትን መቀመጫው ያደረገው የስፊንክስ ውድድር ደግሞ በአሜሪካ ለሚኖሩ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ላላቸው ወጣቶች የተከፈተ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያደገን የኢትዮጵያውያን ልጅ ይመለከተዋል፤ አዲስ አበባ ያለውን ተማሪዬን ግን አይመለከተውም። ይህንን ሳያጣሩ ለሁለት ወር የሚለማመዱ አሉ።

ለእኛ አገር ሰው ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል አንድ ወጥመድም አለ፦ የልደት ቀን። የልደት ምስክር ወረቀቱ 1998 ዓ.ም. ይላል፤ ተማሪው ሳያስብ በማመልከቻው ላይ 1998 ብሎ ይሞላል፤ በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ከዕድሜ ገደቡ ውጭ ይሆናል። ማመልከቻውን የሚሞሉት ፓስፖርቱን ከፊትዎ ዘርግተው፣ እዚያ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ በመገልበጥ ይሁን።

ስለ ቆርጦ መቀጠል ደንቡ የሚለውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ መቁረጥና መቀጠል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በሁለት ሥራዎች መካከል ካሜራውን ማቆም ግን ይፈቀዳል። አንዳንዶች ግን ሙሉው ዝግጅት በአንድ ትንፋሽ እንዲቀረጽ ያዛሉ። ይህ ልዩነት የልምምዱን ዓይነት ጭምር ይለውጣል፦ አራት ደቂቃ ማተኮርና ሃያ አምስት ደቂቃ ማተኮር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

2. ከመዝጊያው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የቀረጻው ቀን ከመዝጊያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሁን። መብራት የሚጠፋበት፣ አጃቢው የሚታመምበት፣ ፋይሉ የማይከፈትበት ቀን የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ሳምንታት ነው። ከቀረጻው ቀን ደግሞ ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ሥራዎቹ ሁሉ በዚያ ቀን በቃል ተይዘው መሆን አለባቸው። ከስምንት ሳምንት ባነሰ ጊዜ አዲስ ሥራ ለውድድር ማንሳት ዕድልን መፈታተን ነው።

ክሮቹን ከቀረጻው ሰባት እስከ አሥር ቀን ቀደም ብለው ይቀይሩ። በብዛት የምንጠቀምባቸው ሰው ሠራሽ እምብርት ያላቸው ክሮች በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተለጠጡ ቅኝታቸውን ይለቃሉ፤ ድምፃቸውም ብረት ብረት ይላል። በአንድ ጊዜ አራቱንም አይፍቱ። አንዱን ፈትተው፣ አዲሱን ወጥረው፣ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ጫናው በሙሉ በድንገት ከተነሣ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት፣ ብሪጁ፣ ይወድቃል፤ ከዚያም ብሶ በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ የቆመችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶ ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ የሚያቆም ባለሙያ በየሰፈሩ አይገኝም። የደጋኑ ፀጉርም እንዲሁ ነው። መለወጥ ካለበት ከወራት በፊት ያስቡበት፤ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው መፈለግ ሊያስፈልግ ይችላልና።

ወቅቱም ይቆጠር። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ መቃኛዎቹ አልዞርም ይላሉ። ከኅዳር በኋላ ደግሞ አየሩ ይደርቅና መቃኛዎቹ በራሳቸው ይፈታሉ። ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍቱ አራቱም ክሮች ተንጠልጥለው ያገኟቸዋል። በበጋ ወራት በሳጥኑ ውስጥ የእርጥበት መያዣ ያስቀምጡ፤ ከሌለዎት ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስፖንጁ እንጨቱን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

3. ሥራ ሲመርጡ ዝናን ይፍሩ

የተለመደው ጥያቄ ሦስት ዓይነት ነው፦ ለብቻ ከሚጫወቱት የባኽ ሶናታዎችና ፓርቲታዎች አንድ ወይም ሁለት ክፍል፣ ከፓጋኒኒ ካፕሪሶች (ብቃትን የሚፈትኑ አጫጭር የብቻ ሥራዎች) አንድ፣ የአንድ ኮንቸርቶ የመጀመሪያ ክፍል። የባኽ የእጅ ጽሑፍ 1720 የሚል ቀን አለው፤ የፓጋኒኒ 24 ካፕሪሶች የታተሙት በ1820 ነው። በመካከላቸው ያለውን መቶ ዓመት ዳኛው በጨዋታዎ ውስጥ መስማት ይፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የጣት ንዝረትና በአንድ ዓይነት የደጋን ክብደት የሚጫወት ተማሪ በጣቶቹ ቢበረታም ከሁለቱ አንዱን አላነበበም ማለት ነው።

ከካፕሪሶቹ 24ኛውን የሚመርጥ ተማሪ ሲመጣ ልመልሰው እሞክራለሁ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ዳኛው የታላላቆቹን ቀረጻ በጆሮው ይዞ ይጠብቅዎታል። 16ኛው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፈጣን ኖታዎች ያለማቋረጥ የሚሮጥ፣ ብልጭልጭ የሌለበት ሥራ ነው። ቅኝትዎ ንጹሕ ከሆነ ንጹሕነቱ ይታያል። ንጹሕ ካልሆነም ይታያል፤ ስለዚህ ምርጫው ለራስ እውነቱን መናገርን ይጠይቃል። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ እንቅልፍ ባልተኙበት ቀን፣ ሳይሞቁ፣ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ሳይሰበር የሚወጣልዎትን ሥራ ይላኩ። በጥሩ ቀን ብቻ የሚወጣው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ለወጣቶች ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከሞዛርት ኮንቸርቶዎች አንዱ ነው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ሞዛርት የጻፋቸው እ.ኤ.አ. በ1775፣ በ19 ዓመቱ ነው፤ ብቸኛው ተጫዋች ያለ አጃቢ ችሎታውን የሚያሳይበትን ቦታ፣ ካዴንዛውን፣ ግን ራሱ የጻፈው አልደረሰንም። ስለዚህ የሌላ ሰው ካዴንዛ ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሞዛርትን በጨዋነት ተጫውተው ካዴንዛው ላይ ሲደርሱ የሰርከስ ትርኢት ይጀምራሉ። አጭሩን ይምረጡ።

ከስምንቱ ሳምንታት በመጨረሻዎቹ ሦስቱ በየቀኑ አንድ ጊዜ ሙሉውን ዝግጅት ሳያቋርጡ፣ ስልክ ላይ እየቀረጹ ይጫወቱ። ሲሳሳቱ አይቁሙ፤ ፊትዎንም አያኮሳትሩ። ከመጀመርዎ በፊት ደረጃ ወጥተው ወርደው ልብዎ እየመታ ቢጀምሩት ደግሞ የተሻለ ነው፤ በቀረጻው ቀን ልብዎ እንደዚያው ስለሚመታ። ቅጂውን ያን ዕለት አያዳምጡ። በማግስቱ መጀመሪያ ያለ ኖታ፣ ቀጥሎ ኖታውን ይዘው ያዳምጡ። ያለ ኖታ ሲሰሙ የረበሸዎትን ብቻ ያስተካክሉ፤ ዳኛውም የሚሰማው እንደዚያ ነው።

4. ክፍል ፍለጋ

ከሁሉም በላይ ድካም የሚገባው ለዚህ ነው። መካከለኛ ማይክሮፎን በጥሩ ክፍል ውስጥ ያምራል፤ ውድ ማይክሮፎን በመጥፎ ክፍል ውስጥ መጥፎውን ክፍል በትክክል ያሰማል።

ክፍሉ መሃል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ድምፁ ወዲያው ከሞተ ሶፋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ የሞላበት ሳሎን ውስጥ ነዎት። ቫዮሊን እንዲህ ባለ ቦታ እርቃኑን ይቀራል፤ ደጋኑ ክሩን ሲፍቅ የሚሰማው ሁሉ ይጎላል። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ «ጭርርር» ካለ ደግሞ ትይዩ የሆኑ ባዶ ግድግዳዎች አሉ ማለት ነው። የገደል ማሚቶ የሚመስል ረጅም ጅራት ካለው የፓጋኒኒ ኖታዎች እርስ በርስ ይለወሳሉ። የሚፈለገው ጭብጨባው ለስለስ ብሎ፣ አንድ ሰከንድ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚከስምበት ክፍል ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቢቻል አራት ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወለሉ እንጨት የሆነ ይምረጡ። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘመሪያ አዳራሽ፣ የቆየ ቤት ሰፊ ሳሎን ብዙ ጊዜ ይህንን ያሟላሉ።

ያልተሟላው በጥቂቱ ይስተካከላል። ክፍሉ ከመጠን በላይ ካስተጋባ በመስታወቱና በባዶው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይስቀሉ። ከደረቀ መጋረጃውን ይግለጡ፣ ምንጣፉን ይጠቅልሉ፣ ሶፋውን ያስወጡ። መሃል ለመሃል ወይም ማዕዘን ውስጥ አይቁሙ፤ ከኋላ ግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ይበሉ።

ቀጥሎ ዝምታውን ያዳምጡ። አስቀድመው በሌላ ቀን፣ ልክ በምትቀርጹበት ሰዓት ሄደው አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡና የሰሙትን ሁሉ ይጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የእኔ ዝርዝር ሁልጊዜ ይረዝማል፦ ማቀዝቀዣ፣ የሚያቃስት የፍሎረሰንት አምፖል፣ የጎረቤት ውሻ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ብረት የሚቆርጥ ሠራተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም የድምፅ ማጉያ፣ ጄኔሬተር። አብዛኞቹ ሰዓት አላቸው። የእሑድ ጠዋት አይሆንም። ዓርብ ቀትር አይሆንም። ግንባታው ለምሳ የሚቆምበትን ሰዓት ዘበኛውን ይጠይቁ፤ ከየትኛውም የድምፅ ባለሙያ የበለጠ የሚጠቅምዎት እሱ ነው። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበትን ቤት ይርሱት፤ ወይም ሰማዩ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚያለቅስ በጠዋት ይቅረጹ።

ፒያኖ ካለ ለእሱ የተለየ ጉብኝት ያስፈልጋል። በስልክ ላይ ያለ መቃኛ ይዘው በመሃል ያለችውን ላ የተባለች ኖታ ይለኩ። 440 ወይም 442 ሄርዝ ከሆነች ደስ ይበልዎት። አሮጌ ፒያኖ 435 እና ከዚያ በታች ወርዶ ማግኘት የተለመደ ነው። ሁሉም ቁልፎች እኩል ከወረዱ አይጨነቁ፤ ቫዮሊኑን በዚያ ልክ ቃኝተው አንድ ሳምንት ይለማመዱ፤ ጣቶችም ጆሮም ይለምዱታል። ግማሹ ወርዶ ግማሹ ከቀረ ግን ቃኚ ይጥሩ ወይም ሌላ ፒያኖ ይፈልጉ። የተዛባ ፒያኖ ላይ በትክክል የሚጫወት ቫዮሊን ራሱ የተዛባ መስሎ ይሰማል፤ ዳኛውም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ የለውም።

አጃቢውን በቀረጻው ቀን እንዲመጣ ብቻ አይለምኑት። ቢያንስ ሦስት ልምምድ ያድርጉ፤ ድካሙንም ቀደም ብለው ይክፈሉ። ደንቡ ከፈቀደ የኦርኬስትራውን ረጅም መግቢያ እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች ያሳጥሩት፤ ዳኛው ሊሰማ የመጣው ፒያኖውን አይደለም። የፒያኖው ክዳን ይዘጋ ወይም በአጭሩ ድጋፍ ይከፈት።

5. ማይክሮፎኑ

ሁለት ጆሮ ያለው በእጅ የሚያዝ መቅረጫ፣ ለምሳሌ የዙም ወይም የታስካም፣ ለማጣሪያ ከበቂ በላይ ነው። መግዛት የለብዎትም፤ ከጋዜጠኛ ወይም ከሠርግ ቪዲዮ አንሺ ይዋሱ። ደንቡ ከካሜራው ተለይቶ የተቀዳ ድምፅ እንዳይገባ ከከለከለ ደግሞ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከካሜራው ጋር ያገናኙ።

የቫዮሊን ደማቅ ድምፅ ከላይኛው ገጹ ወደ ላይና ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ መቅረጫውን በቁመትዎ ልክ ሳይሆን ከዚያ ከፍ አድርገው፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ከመሣሪያው ደግሞ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገው ወደ ብሪጁ አዘንብለው ያቁሙት። ከአንድ ሜትር ካነሰ የደጋኑን ፍቀትና የእርስዎን ትንፋሽ ይሰማሉ፤ ከአራት ሜትር ከበለጠ ክፍሉን እንጂ ተጫዋቹን አይሰሙም። ከሁለት ሜትር ይጀምሩ፣ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፣ ግማሽ ሜትር ያንቀሳቅሱ፣ እንደገና ይስሙ። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድም አይቸኩሉበት። ቼሎ ከሆነ መቅረጫው ዝቅ ይበል፦ ከመሣሪያው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

በዋቭ (ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት)፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ሄርዝ ይቅረጹ። መጠኑን ሲያስተካክሉ ከዝግጅቱ ሁሉ ኃይለኛውን ቦታ፣ ለምሳሌ የባኽን ባለ አራት ክር አኮርድ፣ በሙሉ ጉልበት ይጫወቱ፤ ጠቋሚው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው ቦታ ይቁም። ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ አይጠገንም።

መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለውን አማራጭ ያጥፉ፤ ይህ ዋናው ጠላት ነው። እሱ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ፒያኒሲሞዎን (እጅግ ለስላሳውን) ያነሣዋል፣ ፎርቲሲሞዎን (እጅግ ኃይለኛውን) ይጨፈልቀዋል፤ ሁለት ወር የደከሙበት ልዩነት ሁሉ እኩል ይሆናል። በስልክ ብቻ የሚቀርጹ ከሆነም ይህንን ለማጥፋት የሚያስችል መተግበሪያ ይፈልጉ። ድምፅ የማጥራት አማራጩንም አብረው ያጥፉት፤ የሚከስም ኖታን እንደ ሁካታ ቆጥሮ ይውጠዋል።

6. ካሜራው

እዚህ ላይ ብዙ መጠበብ አያስፈልግም። ስልኩ በአግድም ይሁን፣ በማቆሚያ ላይ ይጽና፣ አይንቀሳቀስ። ሁለቱም እጆች፣ ፊትዎ፣ ደጋኑም እስከ ጫፉ ሲወጣ ይታይ። ካሜራውን በእርስዎ በስተ ቀኝ ፊት ለፊት ያድርጉት፤ የቫዮሊኑ ገጽ ያጋደለው ወደዚያ ነው። የኖታ ማቆሚያ ካለ ከወገብ በታች ይውረድ። መስኮት ከኋላዎ አይሁን፤ ፊትዎ ይጠቁራል። ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉት፤ አለበለዚያ ደጋንዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይደምቃል፣ ይጨልማል።

መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው። ካሜራውን በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል ላይ ያድርጉት። አሜሪካ የሚቀርጹ ደግሞ፣ እዚያ 60 ሄርዝ ስለሆነ፣ 30 ወይም 60 ይምረጡ።

7. ዕለቱ

ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረሱ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ቫዮሊኑን አውጥተው ሃያ ደቂቃ ከክፍሉ ጋር እንዲለማመድ ይተዉት። የሚንሿሿ ልብስ፣ የሚንቋቋ ጫማ፣ ቫዮሊኑን የሚነካ የአንገት ሐብልና ጉትቻ አይልበሱ። ስልኮች ሁሉ፣ የአጃቢውም ጭምር፣ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁኑ። በር ላይ «ቀረጻ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ከዚያም ወረቀት የማያነብ ሰው ሊመጣ ስለሚችል አንድ ዘመድ ያቁሙ። እናቶች ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም።

ኮንቸርቶውን በቅድሚያ ይቅረጹ፤ አጃቢው ሰው ነው፣ ይደክማል፣ ሌላም ቀጠሮ አለው። ቀጥሎ ካፕሪሱ፣ እጅ ሞቆ ገና ሳይዝል። ባኽ መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት እንደገና ይቃኙ፤ የሰውነት ሙቀትና የመብራት ሙቀት ክሩን በየጊዜው ያወርዱታል።

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ሙከራ ይበቃል። ይህን ቁጥር የማከብረው ከብዙ ጥፋት በኋላ ነው። አራተኛው ሲመጣ ተጫዋቹ ሙዚቃውን ትቶ ባለፈው የተሳሳተበትን ቦታ መጠበቅ ይጀምራል፤ ቦታውን በደህና ካለፈ በኋላም በደስታ ቀጥሎ ያለውን ያበላሸዋል። በሙከራዎቹ መካከል አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይውሰዱ፣ ውኃ ይጠጡ። ቀረጻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻ አያዳምጡት፤ ድምፁ መግባቱንና ምስሉ አለመጥፋቱን ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ብቻ ይስሙ።

የመጨረሻው ኖታ ሲያልቅ ደጋኑን አየር ላይ እንደያዙ አምስት ሰከንድ ይቁሙ። የክፍሉ ድምፅ ይክሰም። እጅግ ያማረ አዳጅዮ (ቀርፋፋ ክፍል) ጨርሳ ኖታው ገና ሳይጠፋ «ኡፍፍ!» ያለች ልጅ አውቃለሁ። ደንቡ መቁረጥ ስለማይፈቅድ ኡፍታዋም አብሮ ተላከ።

8. ምርጫ

ሁለት ቀን ይለፍ። ከዚያ ሦስቱን ቅጂዎች መጀመሪያ በድምፅ ብቻ፣ ምስሉን ሸፍነው ይስሙ።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ሁልጊዜ እንከራከራለን። በአንድ ወቅት ሁለተኛውን ቅጂ መረጥኩ፤ ግለት ነበረው። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ሦስተኛው ይሻላል» አለኝ። ሦስተኛው ላይ አንድ የሚያሳፍር የተሳሳተ ኖታ አለ፤ ሁለተኛው ላይ አንድም የለም። ምክንያቱን ስጠይቀው ሁለቱንም ከፒያኖው ጋር እያስተያየ አሰማኝ። በሁለተኛው ላይ በግለት የተነሣ ሦስተኛ ጣቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥቂቱ ወደ ላይ ይስባል። እውነቱን ነበር። አንድ የሳተ ኖታ አደጋ ነው፤ ዳኛው ራሱ መድረክ ላይ ደርሶበታልና ያልፈዋል። በየገጹ የሚመለስ ጉድለት ግን የተጫዋቹ መልክ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሲመርጡ የሳቱትን ኖታ አይቁጠሩ፤ የሚደጋገመውን ይፈልጉ። ሪትም የሚቸኩልበት፣ ንዝረቱ የሚቆምበት፣ ድምፁ ወደ ደጋኑ ጫፍ ሲደርስ የሚሳሳበት ልማድ ያነሰበትን ቅጂ ይውሰዱ።

ሁለት ቅጂ እኩል ከሆኑ የመጀመሪያ ደቂቃው የሚበልጠውን ይላኩ። ብዙ ቀረጻ የሚሰማ ዳኛ ጆሮውን የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። ሥራዎቹን የማስቀደም ነፃነት ከተሰጠዎትም በጣም የሚተማመኑበት ይቅደም።

9. መላክ

የመረጡትን ቪዲዮ ጫፎቹን ብቻ ያስተካክሉ። ማስተጋቢያ አይጨምሩ፣ ድምፁን አያሳምሩ፤ ከተነቃብዎት ያሳጣል። የድምፁንም መጠን በሥራዎቹ መካከል አያለያዩ።

በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት የሆነ ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ 25 ደቂቃ ማለት አንድ ጊጋ ባይት ተኩል ነው። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሳይቋረጥ መሄዱ ግን የተለመደ አይደለም። ሌሊት ይጫኑ። በዩቲዩብ ከሆነ ሊንኩን የያዘ ሁሉ የሚያየውን አማራጭ ይምረጡ፤ ለራስዎ ብቻ የሚታየውን ከመረጡ ዳኞቹ የሚያገኙት የተቆለፈ በር ነው። ከዚያም ሊንኩን ለአክስትዎ ወይም ለጓደኛዎ ልከው በእነሱ ስልክ እንዲከፍቱት ይጠይቁ። በእርስዎ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ይከፈታል፤ ያ ምንም አያረጋግጥም።

የፋይሉን ስም ደንቡ እንዳዘዘው በላቲን ፊደል ይጻፉ። ሰዓቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስሉ። መዝጊያው በኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ከሆነ በጥቅምት ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከኅዳር መጀመሪያ አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። በማመልከቻው ላይ 11፡59 ምሽት ተብሎ የተጻፈውም፣ የአገሮቹ የሰዓት ልዩነት ገና ሳይደመር፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡59 እንጂ 12 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ የቀረው አይደለም። በዚህ ስህተት የተበላሸ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ እናም እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚጠብቅን ተማሪ አላዝንለትም።

ያልተቆረጡትን ዋና ፋይሎች በሁለት ቦታ፣ አንዱን ከቤት ውጭ፣ ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ያቆዩ። አዘጋጆቹ ቅጂው አልተከፈተልንም ብለው ሊጽፉ ይችላሉና ኢሜይልዎን፣ አላስፈላጊ መልእክት የሚገባበትን ሳጥን ጭምር፣ በየቀኑ ይመልከቱ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የሁለተኛውን ዙር ሥራዎች አውጥተው መቆሚያው ላይ ያስቀምጡ፤ ካለፉ የሚሰጥዎት ጊዜ አጭር ነው፤ ለእነዚያም ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል።